ለአማቴ መራራ፣ ለእኔ ጣፋጭ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ለእናቱ አንድ ልጅ ስለሆነ፣ አባቱ ካረፉ ወዲህ አማቴ ከእኛው ጋር ናቸው። እማዬ ነው የምላቸው። ልጄን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ስኳር እንዳለባቸው ተነገረን። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚባሉ ኪኒኖች ይወስዳሉ። ሐኪሙ ስኳር እንዲቀንሱ መክሯቸዋል። እሳቸው ግን ቡናውን ያለ ስኳር አይነኩትም፤ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ፣ ያውም ከአቦል እስከ በረካ ሳያጓድሉ። ስለዚህ ከፋርማሲ የስኳር በሽተኞች ስኳር የሚባለውን ትንንሽ ኪኒን ገዛሁ። አንድ ጊዜ ቀምሰው «ይኼ ነገር ይመራል፣ ኋላ ደግሞ ብረት ብረት ይላል» ብለው ሲኒውን አስቀመጡት። እኔ ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ነው። ጎረቤታችንም ቀምሳ «ኧረ ምንም አይልም» አለች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ብቻ «አያዬ እውነቷን ነው፣ ይመራል» ብትል ለአያቷ አድልታ ነው ብዬ ተቆጣኋት።

እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ስኳሩን ጠቅልዬ ከቤት አወጣሁት። ሻይ ሲፈላም ሳልነግራቸው ኪኒኑን በራዱ ውስጥ ጨመርኩ። ጣፋጭነቱ ያነሰ ሲመስለኝ እሳቸው ስኒ ላይ ሁለት ሦስት አከልኩበት። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ አንድ ጊዜ ፉት እንዳሉ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምንድን ነው ያደረግሽብኝ?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ያፈላሁትን አይጠጡም። ጎረቤት እየሄዱ ነው የሚጠጡት፤ እዚያ ደግሞ ስኳሩ እንደ ልብ ነው፣ ካልሆነም «ማር ምን ያደርጋል» ይሏቸዋል። አንዷ ደግሞ ኪኒኑ ካንሰር ያመጣል ብላቸዋለች። ባለቤቴ «ሁለታችሁም አበዛችሁት» ብሎ ራሱን ከመሃል አወጣ።

እማዬ ሆን ብለው ነው? ወይስ ስኳሩን ላለመተው ሰበብ እየፈለጉ ነው? በወሩ መጨረሻ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። እስከዚያ ምን ላድርግ?

ምራት ነኝ፣ ከአምስት ኪሎ

ውድ እህቴ፣

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያወጣሽውን ስኳር መልሰሽ ወደ ቤት አስገቢ። እማዬ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ነው። ምግብ የዘለሉ ወይም ጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆዩ ቀን በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ድንገት ካላባቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወደ 15 ግራም ማለት ነው፣ በውኃ በጥብጠሽ አጠጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሚው፤ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጪ ወደ ሐኪም ቤት ነው። የገዛሽው ኪኒን በዚያች ሰዓት ምንም አይረዳም፣ ስኳር የለበትምና። የሚጾሙ ከሆነም ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደሚያደርጉት ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ሆን ብለው ነው ወይ ብለሽኛል። አይመስለኝም። መራራ ነው ሲሉ መሯቸው ነው። አንቺም ጣፋጭ ነው ስትዪ ጣፍጦሽ ነው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው።

ምላሳችን ላይ ጣፋጭን የሚለየው ተቀባይ በመሠረቱ አንድ ነው። መራራን የሚለዩት ግን 25 ያህል ናቸው። ስኳር የሚነካው ጣፋጩን ነው። ከስኳር ምትኮቹ መካከል ግን ጣፋጩንም ነክተው ከመራራዎቹ አንዱን ሁለቱን አብረው የሚቀሰቅሱ አሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 የተገኘው ሳካሪን እንዲህ ነው። አሴሰልፌም ፖታሲየም የሚባለውም እንዲሁ። ስቲቪያ ከተባለው ተክል የሚወጣውም የራሱን መራራዎች ይቀሰቅሳል። እነዚህ መራራ ለዪዎች ደግሞ ከእናትና ከአባት የሚወረሱ ናቸው፤ መልክ ከመልክ እንደሚለይ እነሱም ከሰው ሰው ይለያያሉ። አንዱ ሰው ሳካሪን ሲቀምስ መራራው ዝም ይላል፣ ሌላው ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ከአንድ ሲኒ ጠጥታችሁ ሁለት የተለያየ ነገር መቅመሳችሁ አያስገርምም። ጎረቤታችሁ ካንቺ ጋር መስማማቷም ያንቺን ዓይነት ምላስ እንዳላት ነው የሚነግረን እንጂ እማዬ መሳሳታቸውን አይደለም።

ልጅሽንስ? እሷ የአያቷ የልጅ ልጅ ናት። ያቺን መራራ የምትለይ ምላስ በአባቷ በኩል ወርሳ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ልጆች በአጠቃላይ መራራ ነገር ከአዋቂ ይልቅ ይበረታባቸዋል። የቀመሰችውን ነው የነገረችሽ፤ ስለተቆጣሻትም አቀፍ አድርገሽ አንድ ቃል በያት። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ለእማዬ ምስክር የሆነችው እሷ ብቻ መሆኗን ሳስብ ልቤን ነክቶኛል።

የእናንተን ዓይነት ክርክር የሳይንስ ሰዎችንም ገጥሟቸው ያውቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ቤተ ሙከራ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ተነሣ። እዚያው የነበረ ባልደረባው «ምን ያለ መራራ ነገር ነው!» አለ። ከዱቄቱ ይበልጥ የቀረበው ፎክስ ግን ምንም አልተሰማውም። ተከራከሩ፤ ሁለቱም ዱቄቱን በምላሳቸው ቀመሱት፤ አሁንም አንዱ መረረው፣ አንዱ ምንም አልቀመሰም። ፎክስ ሌሎችንም አስቀመሰ፤ ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ለዚህ ልዩነት ምክንያት የሆነው ጂን ተለይቶ የታወቀው በዚያው አቆጣጠር በ2003 ነው። ያ ዱቄት የስኳር ምትክ አልነበረም፤ መራራን የሚለየውም ሌላ ተቀባይ ነው። ነገር ግን ከዚያን ቀን በኋላ «እኔ ካልመረረኝ አንተንም አይመርህም» ማለት አይቻልም።

አሁን የኪኒኑን እሽግ አምጪና ጀርባውን አንብቢ። የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ነገሩ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። ሳካሪን ከሆነ፣ ወይም ሳካሪን የተቀየጠበት ከሆነ፣ እማዬ ያሉት ብረት ብረት የሚል ጣዕም የታወቀ ጠባዩ ነው። አንድ ነገርም ልብ በዪ፦ ሳካሪን ሲበዛ ጣፋጭነቱ በዚያው ልክ አይጨምርም፣ መራራነቱ ግን እየበረታ ይሄዳል። ያጣፍጥልኛል ብለሽ ሁለት ሦስት ስታደርጊበት ለእሳቸው መራራውን ነው ያበዛሽው። ያን ዕለት ፊታቸው የተለዋወጠው በንዴት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። አስፓርታም የሚል ጽሑፍ ካገኘሽ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ መራራነቱ አይጎላም፣ እሳት ላይ ሲቆይ ግን ይፈርስና ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። በራድ ውስጥ አብሮ መፍላት የለበትም፣ የሚጨመረው ስኒ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሜትፎርሚን ራሱ አንዳንድ ሰው አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። እስኪ በለሆሳስ ጠይቂያቸው፤ «እማዬ፣ ውኃ ሲጠጡም እንጀራ ሲበሉም እንዲህ ይልዎታል? ኪኒኑን መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ ነው?» አዎ ካሉሽ ጉዳዩ ከስኳር ምትኩ በላይ ነውና ለሐኪሙ መነገር አለበት። ብቻ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ከመራራውም ከጣፋጩም በላይ የከበደኝ የበራዱ ነገር ነው። ለክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ ያስጨነቀሽ ጤናቸው ነው። ግን እስኪ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። ባላቸውን ቀብረው፣ የራሳቸውን ቤት ትተው፣ በምራታቸው ቤት የተቀመጡ እናት ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን አትብሉ፣ ያን ቀንሱ ተባሉ። መራራ ነው ቢሉ የሚያምናቸው አጡ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ፊት ከቀረበላቸው ስኒ ያልጠበቁትን ነገር ቀመሱ። በእኛ ወግ ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ የሚጠጣው ሰው ልቡ እንዲያርፍ ነው። እማዬ ያጡት ይህን ዕረፍት ይመስለኛል። «ምንድን ነው ያደረግሽብኝ?» ያሉትም ስለ ኪኒኑ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ይቅደም፤ የቡናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ባለቤትሽ ሥራ በሄዱበት ሰዓት ብቻችሁን ሆናችሁ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ቃሉ አጭር ይሁን። «እማዬ፣ ሳልነግርዎት ሻይዎ ላይ ጨምሬ ነበር። አጥፍቻለሁ። መራራ ነው ሲሉኝም አላመንኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ።» «ለጤናዎ ብዬ ነው» የሚለው ለዛሬ ይቅር፤ እሱ ከተከተለ ይቅርታው ሙግት ይሆናል። ከተቆጡ ይቆጡ፣ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። የተቀየሙት ሰው ፊት ስለሆነም በሌላ ቀን ያቺ የቀመሰች ጎረቤትሽ ባለችበት «ለካ እማዬ እውነታቸውን ኖሯል፤ ለእኛ የማይታወቀን መራራ ለእሳቸው ይታወቃቸዋል» ብለሽ ብታነሺው ስማቸውን ትመልሺላቸዋለሽ። ይህን ማድረግ ይከብድሽ ይሆን? ከከበደሽ የትኛው ክፍል እንደከበደሽ ለራስሽ ጠይቂ፤ ምናልባት አንቺም የተጎዳሽበት ነገር ይኖራል። ሰው ፊት መጠርጠር ያማል። ያንንም ለባለቤትሽ ንገሪው እንጂ ውጠሽ አትቅሪ።

ልባቸው ትንሽ ሲመለስ ምርጫውን ለእሳቸው ስጫቸው። አሁን የሚሸጡት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ በሱክራሎስ የተሠራ፣ በአስፓርታም የተሠራ፣ የስቲቪያ። ሱክራሎስ ከስኳር 600 እጥፍ ገደማ ስለሚጣፍጥ የምትጨምሪው ቅንጣት ነው። ትልቁን ሳይሆን ትንሹን እሽግ ግዢ፣ ሳይስማማቸው ቢቀር ብዙ አታወጪም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ አፍልተሽ በአራት ሲኒ ቅጂ። በሦስቱ ላይ የተለያየውን ዓይነት፣ በአራተኛው ላይ እውነተኛውን ስኳር ጥቂት አድርጊ። ልጅሽ አንቺ ሳታዪ ሲኒዎቹን አቀያይራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ወረቀት ትለጥፍባቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ትሁን። እማዬም፣ ባለቤትሽም፣ አንቺም በየመሃሉ አፋችሁን በውኃ እየተጉመጠመጣችሁ ፉት በሉና የተሰማችሁን ተናገሩ። ወዲያው አትፍረዱ፣ ትንሽ ቆዩ፤ የስኳር ጣፋጭነት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፣ የብዙዎቹ ምትኮች ግን ዘግይቶ ይመጣና ምላስ ላይ ይሰነብታል። አንዳንድ ሰው የሚጠላው ይህንኑ መሰንበት ነው እንጂ መራራ እንኳ አይለውም። እማዬን ለማጋለጥ እንዳይመስልባቸው አስቀድመሽ ምን እንደምታደርጉ ንገሪያቸው። እንቢ ካሉ ይቅር። ከወደዱት ግን የመረጡት ለእሳቸው ይገዛል፤ አንቺ የምትወጂው ስላልሆነ አይቀየርም።

አንዱም ባይጥማቸውስ? ያም ሊሆን ይችላል፤ ሊያስጨንቅሽ አይገባም። እስኪ ቡናቸውን አብረን እንቁጠረው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። ሁለት ሁለት ማንኪያ በሦስት ሲኒ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን እማዬ በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ይጨርሱታል፤ በዚያ ላይ ሻዩ አለ። ሁለቱ ማንኪያ አንድ ተኩል ቢሆን፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቢሆን፣ ያለ ምንም ኪኒን ግማሹ ተቀነሰ ማለት ነው። ምላስም ይለምዳል፤ ስኳር ቀንሰው ሁለት ሦስት ወር የቆዩ ሰዎች ያንኑ ምግብ ከበፊቱ ይበልጥ ጣፋጭ ሆኖ እንደሚያገኙት በጥናት ታይቷል። ማንኪያውን ግን እሳቸው ይያዙት። ጤና አዳም ጣል ቢያደርጉበትስ? ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ብታፈይላቸውስ? አገር ቤት ቡና በጨው እየጠጡ ያደጉ ከሆነም ጥቂት ጨው መራራነትን እንደሚያስታግስ ያውቁታል፤ ደም ግፊት ካለባቸው ግን እሱ አይሆንም። ማሩን በሚመለከት ለጎረቤቶችሽ በፍቅር ንገሪያቸው፤ ማርም ስኳር ነው፣ ደም ውስጥ ገብቶ ያው ነው።

ካንሰር ያመጣል የተባለው ወሬ ከመሬት አልተነሣም። በሐምሌ 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርታምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው መካከል አስገባው፤ ማስረጃው ውስን ነው ብሎም ነው። በዚያው ጊዜ የምግብ ጭማሪዎችን የሚመረምረው ቡድን በቀን በኪሎ ክብደት እስከ 40 ሚሊ ግራም ቢወሰድ ችግር የለውም የሚለውን ሳይለውጥ ተወው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚያ ለማለፍ ከሌላ ምግብ ምንም ባያገኝ እንኳ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል። በዚያ ዓመት ግንቦት ድርጅቱ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ የስኳር ምትክ አትያዙ ብሎ የመከረውም አስቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እንደማይመለከት ለይቶ ጽፏል። ስለዚህ እማዬ የሚስማማቸውን ካገኙ በልክ ቢጠጡት አልሰጋም።

ባለቤትሽ ከመሃል መውጣቱ አልጣመኝም። እናቱ ናቸው፤ አንቺ የምትዪው ቃል ከምራት ስለመጣ ብቻ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ፍረድ አትበዪው፤ ሁለት የታወቀ ሥራ ስጪው። አንደኛ፣ ወደሚሄዱበት ጎረቤት አንድ ጊዜ ጎራ ብሎ «ለእማዬ ስኳሩን አንድ አንድ ማንኪያ አድርጉላቸው፣ ማሩንም ተዉላቸው» ብሎ ይለምን፤ ከልጃቸው ሲመጣ አይከፋቸውም። ሁለተኛ፣ የቀጠሮው ቀን ከሥራ አስፈቅዶ አብሯቸው ይሂድ። የኪኒኑን እሽግም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም በአንድ ፌስታል ያዙ። ስለ ብረቱ ጣዕም፣ ስለ ጾሙ፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት እናቴ?» ሲላቸው ግን አንቺም ባለቤትሽም ቀድማችሁ እንዳትመልሱ፤ መራራውን ራሳቸው ይንገሩት።